ዘር ከልጓም ይስባልን?

አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ብለው ተርተዋል። ትርጓሜው ግልጽ ነው፤ ሰውን ምክርና ትምህርት ከሚመሩት ይልቅ የተወለደበት ዘር ይጐትተዋል ማለት ነው። ተረቱ እውነት የሌለበት አይደለም። ነገር ግን የሚነገርበትን ጊዜ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ክፉ ሥራ ከተሠራ በኋላ መሆኑ ነው። በቍጣው ሰው ያቈሰለ «የአባቴ ደም ነው፥ ምን ላድርግ?» ይላል። ሚስቱን የሚደበድብ «የወንድ ልጅ ተፈጥሮው ነው» ይላል። ተረቱ ከመሥራት በፊት ማስጠንቀቂያ መሆኑ ቀርቶ ከሠሩ በኋላ መሸሸጊያ ይሆናል።

ዛሬም ትምህርት የቀመሰ ወጣት ይህንኑ አሮጌ ማመካኛ አዲስ ልብስ አልብሶ ሲያቀርበው ይሰማል። «ሰው ከእንስሳት ወገን መሆኑን ሳይንስ አስረድቷል፤ በእንስሳት ዓለም ብርቱው ደካማውን ይበላል፤ እንግዲህ ሰው ሰውን ቢያጠፋ የተፈጥሮ ሕግ ነው» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ከተረቱ የከፋ ነው። ተረቱ የአንድን ቤተ ሰብ በደል ሲሸፍን፥ ይህ ግን የሰውን ልጅ በደል ሁሉ ይሸፍናል። ስለዚህ ስለ እንስሳትና ስለ ጥንተ ሰው የተገኘው ዕውቀት በእርግጥ እንዲህ ብሎ ይመሰክር እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል። የምርመራውም ማስረጃ ከሩቅ አገር አይደለም፤ አብዛኛው የወጣው ከራሳችን አፈር ነው። ይህን ሳናውቅ ብንቀር «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው በእኛ ይፈጸማል።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባስተማርሁባቸው ዓመታት የተማሪዎቹ የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «መምህር፥ ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚሉት እውነት ነው?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የበቆሎ ማሳ ጠባቂዎች ነበሩ። ማማ ላይ ተቀምጠው ወንጭፍ ሲወነጭፉ የዋሉ ልጆች ዝንጀሮን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ፊት ለፊት ነው። ጠባቂው ሕፃን ይሁን ጎልማሳ ለይቶ ወደ ማሳው እንደሚገባ፥ እሸቱንም በጉንጩ ሞልቶ እንደሚሸሽ አይተዋል። «የዚህ ሌባ ዘመድ ናችሁ» መባል ቢያስቈጣቸው አይፈረድባቸውም።

ለዚህ ጥያቄ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት የሚሰጡት መልስ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው። ሰው ዛሬ በማሳችን ከምናየው ዝንጀሮ አልመጣም። የአጎት ልጆች አንዱ ሌላውን እንደማይወልድ፥ ነገር ግን ሁለቱም ወደ አንድ አያት እንደሚቈጠሩ፥ ሰውና ዝንጀሮም ወደ አንድ የጥንት አያት ይቈጠራሉ ማለታቸው ነው። የዝንጀሮና የሰው ሐረግ የተለያየው ከ25 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚቀርቡን በአፍሪካ ጫካ የሚኖሩት ቺምፓንዚና ቦኖቦ ሲሆኑ፥ ከእነርሱ ጋር የተለያየነው ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ ዝንጀሮ ዛሬ ሰው የማይሆነው ለምንድን ነው?» የሚለው ነው። ጠያቂው ተፈጥሮን እንደ መሰላል አድርጎ አስቦታል፤ ዝንጀሮ በታችኛው ርብራብ፥ ሰው በላይኛው የቆሙ ይመስለዋል። ዝንጀሮ ግን ተጀምሮ ያልተጨረሰ ሰው አይደለም፤ በራሱ መንገድ የተሟላ ፍጥረት ነው። ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዱር የማይገኘውን ጭላዳን ተመልከቱ። በብርዳማው ደጋ ተቀምጦ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ይኖራል፤ ጣቶቹም ለዚሁ ሥራ እጅግ የተስማሙ ናቸው። ለሚኖርበት ገደልና ለሚበላው ሣር የሚበቃውን ሁሉ ይዟል። ሰው መሆን የእርሱ ጉድለት ማሟያ አይደለም።

ከሰው አካል አስቀድሞ የተለወጠው የትኛው ነው የሚለውም ጥያቄ የሚያስደንቅ መልስ አለው። ሰው በራሱ ማስተዋል የሚመካ ስለ ሆነ አስቀድሞ ያደገው አእምሮው እንደ ሆነ ይገምታል። በአፋር ምድር የተገኙት ዐፅሞች ግን ሌላ ይመሰክራሉ። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረቦቹ በሐዳር ያገኟት ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረች ናት። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ የአንጎሏ መጠን ከቺምፓንዚ እምብዛም አይበልጥም፤ ነገር ግን ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። ከእርሷም የሚቀድም አለ። በ1987 ዓ.ም. በአራሚስ የዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ዓይን ያረፈባቸው ጥቂት የእጅ አጥንቶች ወደ ሙሉ ግኝት መርተው፥ አርዲ የተባለችው የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ዐፅም ተቈፍራ ወጣች። እርሷም ዛፍ ላይ መውጣቱን ሳትተው በምድር ላይ በሁለት እግር ትሄድ እንደ ነበረ ሊቃውንቱ አስረድተዋል። እንግዲህ እግር ከራስ ቀደመ። እጅ ከመሬት ተነሥቶ ነጻ ወጣ፤ ልጅን ለማቀፍና ምግብን ለመሸከም የሚችል ሆነ።

በአርዲና በወገኖቿ ዘንድ ሌላም ምልክት አለ፤ እርሱም ክራንቻ ነው። የወንድ ዝንጀሮ ክራንቻ እንደ ጩቤ የረዘመ ነው፤ አፉን ከፍቶ ሲያሳየው ባላንጣው ወደ ኋላ ይላል። በአራሚስ በተገኙት ጥርሶች ዘንድ ግን የወንዱ ክራንቻ አጥሮ ከሴቲቱ ጋር ተቀራርቧል። ከግኝቱ ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ ይህን በወንዶች መካከል የነበረው ጠብ እንደ ቀነሰ የሚያሳይ ምልክት አድርገው ያዩታል። ክራንቻው ያጠረው ድንጋይ ለመሣሪያነት ተፈልጦ ከተገኘበት ዘመን እጅግ ቀድሞ ነው፤ በጎና ሥለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ ያጠኗቸው ስለታም ድንጋዮች ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ነውና። ስለዚህ «ሰው ክራንቻውን የጣለው ሰይፍ ስለ ጨበጠ ነው» ማለት የሚመች አይሆንም።

እነዚህ ድንጋዮች ሥጋን ከአጥንት ለመለየት አገልግለዋል። ነገር ግን ሥጋ የሚቈርጥ ስለት የሰውንም ሥጋ ይቈርጣል። አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን፤ ጥንተ ሰው ጨካኝ ነበርን፥ ወይስ ርኅሩኅ?

ሁለት ማስረጃዎች ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በ1969 ዓ.ም. ቦዶ በተባለው የአፋር ስፍራ ዕድሜው 600,000 ዓመት ገደማ የሆነ የሰው ራስ ቅል ተገኘ። በዓይኑ ጕድጓድና በጉንጩ አጥንት ላይ ሥጋው በድንጋይ ስለት እንደ ተገፈፈ የሚያሳዩ ጭረቶች አሉበት። ለምን እንደ ተገፈፈ አጥንቱ አይናገርም፤ ለመብልም ሊሆን ይችላል፥ ለሌላ ሥርዓትም ሊሆን ይችላል። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ሔርቶ በተባለው ስፍራ ዕድሜያቸው 160,000 ዓመት ገደማ የሆኑ የራስ ቅሎች ተገኙ፤ አንዱ የሕፃን ነው። በሕፃኑም ራስ ቅል ላይ የስለት ጭረት አለ፤ ዳሩ ግን የአጥንቱ ገጽ ለረጅም ጊዜ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ኖረ ዕቃ ለስልሷል። የመረመሩት ሊቃውንት ይህን ሙታንን የማክበር ሥርዓት አድርገው ተርጕመውታል። የሞተውን ሕፃን ራስ ቅል ይዘው የኖሩ፥ እያነሡም የዳሰሱ ሰዎች ነበሩ።

ጭረቱን ብቻ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ራስ ቅሎች አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የጭካኔ ምስክር ይመስላሉ። ልስላሴውን ያየ ግን አንዱ ስለት ለፍቅርም ሊያገለግል እንደሚችል ያውቃል። እንግዲህ ጥንተ ሰው እንዲህ ነበር ብሎ በአንድ ቃል የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል። ገና ከጥንት ጀምሮ ሁለቱም ችሎታ በእጁ ነበረ።

የጥንቱን ሰው ችሎታ ለማየት ወደ ራሳችን ክልል እንመለስ። ከመተማ አቅራቢያ፥ ውሃው ወደ ዓባይ በሚወርደው በሽንፋ ወንዝ ዳር፥ የ74,000 ዓመት የሰው መኖሪያ ተቈፍሮ ወጥቷል። ጥናቱ የታተመው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። በአፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታይ የእሳተ ገሞራ ብናኝ ተገኘ፤ እርሱም በኢንዶኔዢያ ሱማትራ ደሴት ከፈነዳው ከቶባ ተራራ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ በስፍራው የአየሩ ድርቀት እንደ በረታ ታወቀ። ሰዎቹ ግን አልጠፉም። ወንዙ ሲደርቅ በየኩሬው የቀሩትን ዓሦች ማጥመድ አበዙ፤ የቀስት ጫፍ የሚመስሉ ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ድንጋዮችም ከዚያው ተገኝተዋል። ችግር በመጣ ጊዜ አኗኗራቸውን ለወጡ እንጂ የትናንቱን ልማድ ብቻ አልሙጥኝ አላሉም። ከሰው ተፈጥሮ ውስጥ እጅግ ጥንታዊው ነገር ምናልባት ይህ ነው፤ መለወጥ መቻል።

«ግን ዘመዶቻችን እንስሳት ምን ይላሉ?» የሚል ይኖራል። ተከራካሪው ቺምፓንዚን ይጠቅሳል። ጄን ጉዶል በታንዛኒያ በጎምቤ ስታጠና ከ1966 እስከ 1970 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አንዱ የቺምፓንዚ ወገን ከራሱ ተለይቶ የወጣውን ሌላ ወገን እየተከታተለ አንድ በአንድ ሲያጠፋ ታየ። ይህ እውነት ነው፤ መሸሸግም አይገባም። ነገር ግን ከኮንጎ ወንዝ ወዲያ የሚኖረው ቦኖቦ ሌላ ጠባይ አለው። በቦኖቦ ዘንድ ሴቶቹ ተባብረው ወንዱን ያስታግሳሉ፤ ሁለት መንጋዎችም ሲገናኙ ብዙ ጊዜ አብረው ይውላሉ፥ አብረውም ይመገባሉ። እኛ ከሁለቱም ጋር ያለን ዝምድና እኩል ነው። እንግዲህ «ዘመዴ ይዋጋል፥ ስለዚህ እዋጋለሁ» የሚል ሰው፥ ሌላው ዘመዱ የሚታረቀውን ለምን አልቈጠረም? መዝገቡን ሁሉ ሳይሆን የሚመቸውን ገጽ ብቻ አንብቧል።

ከዘመድም አልፈን በጠላትነት የሚታወቁ ወገኖችን እንይ። በመንዝ ጓሳ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ገብቶ ይሄዳል። ቀበሮው ግልገል ጭላዳ ለመብላት የሚችል አውሬ ነው፤ ነገር ግን ግልገሎቹን ትቶ በሣሩ ውስጥ የሚሹለከለኩትን አይጦች ያድናል። በ2007 ዓ.ም. የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፥ ከመንጋው ጋር ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከመቶ 25 ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ ግልገል ቢነጥቅ ጭላዶቹ ተባብረው አስጥለውት አባረሩት፤ ከዚያም በኋላ እንዲጠጋቸው አልፈቀዱለትም። ቀበሮው ጻድቅ ስለ ሆነ አልታገሠም፤ ትዕግሥት ስለ ጠቀመው ነው። ሆኖም የተፈጥሮ ሕግ መናከስ ብቻ ነው የሚለውን ሰው አውሬው ራሱ ያሳፍረዋል። ቻርልስ ዳርዊንም በ1863 ዓ.ም. ስለ ሰው አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ፥ እርስ በርሱ የሚረዳዳ ሕዝብ ከማይረዳዳው ይልቅ ጸንቶ እንደሚኖር ገልጿል።

ይሁን እንጂ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ተነሥተን «እንግዲህ ተፈጥሮ ደግ ናት፥ እርሷን እንከተል» ብንል ከተከራካሪያችን ጋር አንድ ስሕተት ሠራን ማለት ነው። ተፈጥሮ ቺምፓንዚንም ቦኖቦንም አስገኝታለች። አንድ ነገር በተፈጥሮ መኖሩ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ወባም የተፈጥሮ ናት። በቋንቋችን «ምክንያት» እና «ማመካኛ» ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላት ናቸው፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። ምክንያት ነገሩ ከየት እንደ መጣ ያስረዳል፤ ማመካኛ ሠሪውን ከተጠያቂነት ሊያስመልጥ ይሞክራል። ቍጣዬ ከጥንት አያቶቼ እንደ ወረደ ማወቅ ምክንያት ነው። «ስለዚህ መታሁህ» ማለት ማመካኛ ነው።

እኔ በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ መጽሐፍ ቅዱስና የተፈጥሮ ሳይንስ በአንድ ቀን እየተከታተሉ ይሰጡን ነበር፤ ሁለቱም ለየራሳቸው ጥያቄ መልስ እንዳላቸው ተረዳሁ። ዐፅም ያጠና ሰው አካላችን በየትኛው መንገድ እንደ መጣ ይነግረናል፤ ከዚህ ወዲያ እንዴት እንኑር ለሚለው ግን መልሱ ከአጥንት አይገኝም። መጽሐፉም የመጀመሪያውን ነፍሰ ገዳይ ሲያነሣ ዘሩን ምክንያት አላደረገለትም። ቃየልና አቤል ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት ናቸው፤ ዘር አንድ ሆኖ ሥራ ሁለት ሆነ።

በተፈጥሮ ስም ማመካኘት ምን እንደሚያደርስ አገራችን ከዚህ ቀደም አይታዋለች። የፋሺስት ኢጣሊያ መንግሥት ሰውን በዘር ከፍታና ዝቅታ ከፋፍሎ፥ ኢጣሊያዊ ከኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ሆኖ እንዳይኖር በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. በእስራት ቅጣት ከለከለ። የዘር ብልጫን በሳይንስ ስም የሰበኩ ሰዎች አገልጋዮቹ ነበሩ። ዛሬ ግን ጥንታውያኑ የሰው ልጅ ዐፅሞች በኦሞና በሔርቶ ተገኝተው፥ በምድር ላይ ያለ ሕዝብ ሁሉ መነሻው አፍሪካ መሆኑን ያስረዳሉ። ተፈጥሮን ለበደላቸው ምስክር አድርገው የጠሯት ሰዎች ምስክራቸው በራሳቸው ላይ ተነሣችባቸው።

ነገር ግን የባዕድን ማመካኛ መንቀፍ ቀላል ነው፤ የራሳችንን እንመልከት። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሰው ሲገደል የሟች ወንድም ዕረፍት ያጣል። ገበያ ሲወጣ ዓይን ይከተለዋል፤ በሠርግ ቤት ፉከራው ወደ እርሱ ያዘነብላል፤ «ደሙን ያልመለሰ» የሚለው ቃል ከእንጀራው ጋር ይቀርብለታል። ገዳዩን ባያገኝ የገዳዩን ወንድም፥ እርሱንም ባያገኝ የአጎቱን ልጅ ይፈልጋል። ትናንት ያልነበረ ሕፃን ባለ ደም ሆኖ ይወለዳል። ይህን ሁሉ «ዘር ነው፥ ደም ይጠራል» ይሉታል። የጎምቤው ቺምፓንዚ ከዚህ በምን ይለያል?

የሚለይበት አለ፤ እርሱም በዚያው ገጠር የሚገኝ ነው። ሽማግሌዎች መካከል ይገባሉ፤ አንድ ጊዜ ሲመለሱ ሁለተኛ፥ ሁለተኛ ሲመለሱ ሦስተኛ ይሄዳሉ። በመጨረሻም የገዳዩ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፥ አንገቱን ደፍቶ በሟች ቤተ ሰብ ፊት ይቆማል፤ «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉን» ይባላል፤ የደም ካሳም ይቈረጣል። ፍርድ ቤት የሚሰጠው ቅጣት በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ እርቁ ግን ያልበደሉትን ከመሞት ያድናል። ይህን ሥርዓት ሳስብ ድንጋዩ ያስደንቀኛል። ድንጋይ ከተፈለጠ ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሥጋ ቈርጧል፥ አጥንት ፈልጧል፥ ሰውም ገድሏል። ያንኑ ድንጋይ በትከሻ ተሸክሞ ምሕረት መለመን የተቻለው ግን በሰው ዘንድ ብቻ ነው። የሟቹ ወንድም ልብ በዚያች ሰዓት ደሙን መሳቡን አላቆመም፤ ምናልባት እስኪሞት ድረስ ይስበዋል። ሆኖም እጁን ይሰበስባል። ዘሩ አልተለወጠም፤ ሥራው ግን ተለወጠ።

እናንተ በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በየገጠሩ ያላችሁ ወጣቶች ይህን ጥያቄ ከእኔ ትውልድ ይልቅ በቅርብ የምትጋፈጡት ናችሁ። ሰው በሰው ላይ መነሣቱ በበዛበት ዘመን «የሰው ተፈጥሮ ይኸው ነው» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣባችኋል፤ አንዱ በሳይንስ ስም፥ ሌላው በአባት ስም ይናገራል። ጥያቄውን አትፍሩት፤ ስለ ዐፅሙም ስለ እንስሳውም ጠይቁ፥ መርምሩ። ዝንጀሮ ዘመዳችሁ ቢሆን ክብራችሁ አይጐድልም፤ ክብር የሚጐድለው በሥራ ነው። ነገር ግን «ተፈጥሮዬ ነው» የሚለው ቃል ወደ አፋችሁ በመጣ ጊዜ፥ ልትናገሩት ያሰባችሁት ለመረዳት ይሁን ለማምለጥ ራሳችሁን ጠይቁ።

ከቡሬ ወደ እንጅባራ የዘለቀ ሰው በጥር ወር የአገውን ፈረሰኞች ትርኢት ያያል። ፈረሱ በእርግጥ ይስባል፤ ባይስብ ኖሮ ማን ይቀመጥበት ነበር? ጋላቢው የፈረሱን ኀይል አይጠላም፥ አይክድምም፤ በልጓም ወደሚፈልገው ይመራዋል። ፈረሱ ሰው ቢረግጥ ግን ዳኛ የሚጠራው ጋላቢውን ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉን አባቶች ይህን ያውቁ ነበር፤ ተረቱን ተርተው ሲያበቁ ልጓሙን ከፈረሳቸው አላወለቁም።